ከሥላሴ ወዲያ ያለው ዳቦ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ጋሽ ደረጀ ጯሂ ሰው ነበር። ሰላምታው ጩኸት፣ ምስጋናው ጩኸት ነው። ምስጢር ሲያወራ እንኳ ከቢሮአችን ሥር ያሉት ጎሚስታዎች ጎማ መንፋታቸውን ገታ አድርገው ያዳምጡት ነበር። ስለዚህ ደንበኛችን እትዬ ብርቄ ደውለው «ልጄ፣ ደረጀ እኮ ዐረፈ» ሲሉኝ፣ «እሰይ፣ ትንሽ ይረፍ፤ መቼም የሰው ጉሮሮ ነው» ብዬ መለስኩላቸው። እትዬ ብርቄ እዬዬ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ነው የገባኝ። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ለእሱ ሲያለቅስ፣ እኔ ግማሹን ያለቀስኩት ለዚያች መልሴ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ ራሴን ጠንቃቃ ብዬ የምጠራው።

አገሬ ሞጣ ነው። ኮምፒውተር ተምሬ፣ ዲግሪዬን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ እናቴ የመከረችኝ «ከጯሂ ሰው ራቂ» ብላ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ተከራየሁና ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ያገኘሁት አቃቂ በሰቃ፣ ከጎሚስታ ቤት በላይ ያለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ድርጅቱ ማለት ጋሽ ደረጀ ነበር፤ ጋሽ ደረጀ ማለትም ድርጅቱ። ለአካባቢው ነጋዴዎች ስልክ ላይ የሚከፈት ዌብሳይት ይሠራል።

«የሚቀጥሩኝ እርስዎ ነዎት?» አልኩት በመጀመሪያው ቀን፣ ነጠላዬን እያስተካከልኩ።

ወደ ኋላው ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ። «እርስዎ የሚባሉት ሰውዬ የቤት ኪራይ ሊቀበሉ ነው የሚመጡት» አለኝ። «እኔ ደረጀ ነኝ። ካስጨነቀሽ ጋሼ በይኝ፤ ከዚያ በላይ ማዕረግ ግን ትከሻዬ አይችልም። አንቺንስ ማን ልበልሽ፣ እማሆይ?»

«ሰብለ።»

«እሺ፣ እማሆይ» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ሰብለ ብሎኝ አያውቅም። ጎሚስታዎቹም ከእሱ ሰምተው እማሆይ ይሉኝ ጀመር። አንዱማ፣ እግዜር ይይለት፣ አንድ ጠዋት ጎማ ከእጁ ጥሎ መስቀል ሊሳለም ወደ እኔ መጣ።

ጋሽ ደረጀ ቢሮውን ሳይከፍት በፊት ማታ ማታ ኮሌጅ እየተማረ፣ ቀን ቀን ከቃሊቲ ሳሪስ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ወያላ ነበር። ይህን ሊደብቅ ቀርቶ፣ ሰው ሳይጠይቀው ያወራው ነበር። «አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርሽው፤ እኔ በር ላይ» ይለኛል። የሥራችንንም ቃል ሁሉ ከታክሲ ነው ያመጣው። ከስክሪኑ ስፋት ያለፈ ጽሑፍ «ትርፍ» ይባላል። ደንበኛ ደረጃውን ሲወጣ ከሰማ «ትራፊክ!» ይልና ሁለታችንም ወንበራችን ላይ ቀጥ እንላለን። ስልክ ላይ ከገጹ አናት በአንድ መስመር ተደርድረው፣ በጣት ወደ ጎን ሲገፏቸው የሚንሸራተቱትን የሜኑ ቃላት ደግሞ «ታክሲው» ይላቸዋል። ተንሸራታቹ ጣት ሲነሣለት የሚቆምበት ቦታ «ፌርማታ» ነው። እኔ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ስሙ ነበር የተማርኩት። ከወር በኋላ ግን የእንግሊዝኛው ጠፍቶብኝ፣ ሌላ ቦታ ለሥራ ፈተና ብቀርብ «ትርፉን ጭኜ ፌርማታ አበጅለታለሁ» ብዬ እንደምመልስ እርግጠኛ ሆንኩ።

በእኔ ጥንቃቄ ይስቅ ነበር። ሥራ ወደ ኢንተርኔት ከመጫኔ በፊት አማትባለሁ። ከማማተቤ በፊት ደግሞ ሦስት ቦታ ኮፒ አስቀምጣለሁ።

«እማሆይ፣ ካማተብሽ ኮፒው ለምንድነው?»

ማማተቤን እቀጥላለሁ።

«ኮፒ ካስቀመጥሽስ ማማተቡ?»

ዛሬም ሁለቱንም አደርጋለሁ።

እትዬ ብርቄ ወደ እኛ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ድፎ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። ለማኅበር፣ ለዝክር፣ ለስለት የሚሆነውን ትልቁን ድፎ በኮባ ጠቅልለው ሲጋግሩ ሽታው ከአስፋልቱ ላይ ሰው ይጠራላቸው ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ግን ከዳር ተነሥተው ከኋላ ወዳለ ግቢ ገቡ፤ ሽታውም ከግቢው አጥር አላልፍ አለ።

«ሰው እኮ የጠፋሁ መስሎታል» አሉን። «ሥራው ይህን ሰሞን ካልተንቀሳቀሰ አዳማ ልጄ ጋ እገባለሁ። ልጄ ደግ ነው። ምራቴም ክፉ አይደለችም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አብልቼ፣ አሁን የምራት እጅ እያየሁ…» ብለው አልጨረሱትም። የነጠላቸውን ጥለት ብቻ ያገላብጡ ጀመር።

ጋሽ ደረጀ ጮኸ። «እትዬ! ቱሉ ዲምቱ ያ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ምን ይሠራል? ሰዉ ማኅበር አለው፤ ድፎ የሚጋግርበት ጓሮ የለውም!»

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ገጹ ላይ የወሩ በዓላት በቅደም ተከተል ይደረደራሉ፦ ልደታ፣ በዓታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ እያለ እስከ በዓለ ወልድ። ሰው ማኅበሩ የሚውልበትን ቀን በጣቱ እየገፋ ያገኝና ይነካዋል፤ እትዬ ብርቄ ስልክ ላይ ትዕዛዙ ይጮኻል። ጋሽ ደረጀ ሌላ ሥራ ይዞ ዱከም ሊሰነብት ስለነበር ሜኑውን ለእኔ ተወልኝ። «ታክሲውን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ» አለኝ፣ ቁልፍ እንደሚያስረክብ ሰው።

ያን ሜኑ የሠራሁትን ያህል ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም። መጀመሪያ ቃላቱን እንዲሁ ስደረድራቸው የስልኩ ጠርዝ ሚካኤልን ከመሐል ቆረጠው፤ «ሚካ» ብሎ ቀረ። ደነገጥኩ። ገፋ ሳደርገው ገብርኤል «ገብር» ሆነ፤ ግብር ሰብሳቢ በር ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። ደግሞ ስገፋው ቅድስት እናታችን «ማር» ሆና ቁጭ አለች። አማተብኩ። ስመ ቅዱሳንን እንዲህ እየቆራረጥኩ ከምበላው እንጀራ ጾም ይሻላል አልኩና ማስመሪያ አመጣሁ። አዎ፣ ማስመሪያ፤ የስልኩ መስታወት ላይ አስደግፌ። ስክሪኑን ለአራት እኩል ከፈልኩት፤ የስልኩ ስፋት ምንም ይሁን ምን ሁልጊዜ አራት ስም ብቻ፣ ሙሉ በሙሉ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል። ልደታ፣ በዓታ፣ አቦ፣ ሥላሴ። እንደ አዲስ መጋረጃ ጥርት ያለ ሆነ። ሦስት ኮፒ አስቀመጥኩ፤ አማተብኩ፤ በሥላሴ ማግስት ጫንኩት።

ሰው አየው። እትዬ ብርቄ በየብሎኩ ባሉ ዘመዶቻቸው የገጹን አድራሻ አስልከው ነበርና በርግጥ ብዙ ሰው ከፍቶ አየው። ስልካቸው ግን አልጮኸም። ሚካኤል አለፈ፣ ጸጥ። ኪዳነ ምሕረት አለፈች፣ ጸጥ። ቆይቶ አንዲት የድሮ ደንበኛቸው መንገድ ላይ አግኝታቸው፣ «እትዬ ብርቄ፣ ከሥላሴ ወዲያ መጋገር ተዉ አሉ፤ ደከመዎት እንዴ?» አለቻቸው። እትዬ ብርቄም ግራ ገብቷቸው ለጋሽ ደረጀ ደወሉ።

ከዱከም ሲመለስ ደረጃውን የወጣበትን አረማመድ አልረሳውም። ስልኩን ከፍቶ አፍንጫዬ ሥር አደረገው።

«እማሆይ፣ እዚህ አገር ከሥላሴ ወዲያ ታቦት የለም?»

«አለ እንጂ፤ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይመጣል።»

«ማን ነግሯቸው ነው የሚገፉት?»

ስክሪኑን አየሁት። አራት ስም፣ ጥርት፣ ዝግት ብሎ። እውነትም የተጨረሰ ነገር ነው የሚመስለው። ግን እጅ መስጠት እንዲህ ቀላል አይደለም፤ በተለይ ማስመሪያ ለተጠቀመ ሰው።

«ስም እንዳይቆረጥ ብዬ ነው» አልኩት።

«ይቆረጣ! መቆረጥ አለበት! የመጨረሻው ቃል ግማሹ ካልታየ ሰው ወዲያ ሌላ እንዳለ በምን ያውቃል?»

«የቅዱሳን ስም ነው፣ ጋሽ ደረጀ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕላቸውን አይተህ አታውቅም? ቅዱሳን ሁልጊዜ ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ነው የሚሣለው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው። አንተ ቅዱስ ሚካኤልን እዚህ ጠርዝ ላይ በአንድ ዓይን ልታቆመው ነው?»

እውነቱን ለመናገር በዚህ ክርክሬ በጣም ኮርቼ ነበር። እሱ ግን «ከእግሩ ሥር የተረገጠውስ በስንት ዓይን ነው የሚሣለው?» አለኝ።

«በአንድ።»

«እንግዲህ እሱ አንቺ ነሽ። እትዬ ብርቄን ተሸክመሽ አዳማ ልታደርሻቸው ነው።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጋሽ ደረጀ ጯሂ እንጂ ጨካኝ አልነበረም፤ እንባዬን ሲያይ ሌላ መላ ፈለገ። ተነሣና የቢሮውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ውጪና ደረጃው ላይ ሆነሽ እዪኝ» አለ። ገብቶ በሩን በላዩ ላይ ዘጋው። ከውስጥ በኩል ድምፁ ብቻ መጣ፦ «ታክሲ ነኝ፤ እያለፍኩ ነው። ትሮጫለሽ?»

«አልሮጥም።»

«ለምን?»

«ወያላው ገብቶ ዘግቷላ። ሞልቷል ማለት ነው።»

በሩ ብርግድ አለ። አንድ እግሩን ደፉ ላይ አድርጎ፣ በአንድ እጁ መቃኑን ይዞ፣ ግማሽ ሰውነቱን ወደ ደረጃው አንጠልጥሎ አካባቢውን በጩኸት አናወጠው፦ «ሳሪስ! ሳሪስ አቦ! የቀረው ሁለት ሰው! ጠጋ ጠጋ በሉ! ሳሪስ ሳሪስ ሳሪስ!»

ከታች ጎሚስታዎቹ «ስንት ነው?» ብለው መለሱ።

«አሁንስ?» አለኝ፣ እንደተንጠለጠለ።

«አሁንማ ይሮጣል።»

«ግማሼ ውጭ ስለሆነ ቆረጡኝ? ግማሼ ውጭ የሆነው ቦታ አለ ለማለት ነው!»

በዚሁ መሐል ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፈው፣ እትዬ ብርቄ ቆመው ያዩታል።

«ደረጀ» አሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው። «ወደ በሩ ተመለስክ እንዴ? ሥራው እንዲህ ጠፍቷል?»

ጎሚስታዎቹ ሳቁ። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ። ሳይስቅ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ ሲናደድ ሳይሆን ሲያስብ ነው የማይስቀው።

ቢሮ ገብተን ጠቡን ለእትዬ ብርቄ አስረዳናቸው። እሳቸው ለእኔ ፈረዱ። «ስምስ አይቆረጥም፣ ልጄ። ዳቦዬ ባይሸጥ ይቅር እንጂ» አሉ። ይህን ያሉት አዳማን እያሰቡ ነው፤ ድምፃቸው ያስታውቃል። እንዲህ ሲፈርዱልኝ ክርክሩን በመርታቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈርኩ። እሳቸው ቤታቸውን ሊያጡ፣ እኔ ልክ ልሆን!

የታቀፉትን ፈቱት፤ ድፎ ነው። ጋሽ ደረጀ ወዲያው እጁን ሰደደ፤ እትዬ ብርቄ እጁን በጥፊ አሉት።

«ሳይባረክ?»

«እማሆይ አለች፤ ትባርከው» አለ።

እትዬ ብርቄ ራሳቸው አባታችን ሆይ ደግመው ቆረሱት። ረቡዕ ነውና የጾም መፍቻው ሰዓት ስላልደረሰ የእኔን ቁራሽ በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጋሽ ደረጀ ግን ትልቁን አነሣና ጉንጩን ሞልቶ ማኘክ ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ዳቦ ያያል፤ ስልኩን ያያል፤ ዳቦውን ያያል። ማኘኩን አቆመ።

አፉ ሙሉ ነበርና ምን እንዳለ አልተሰማንም። ሁለተኛ ጮኸ፤ ፍርፋሪው ኪቦርዴ ላይ ዘነበ።

«ዳቦ! ዳቦ እኮ ይቆረሳል! ዳቦ ቢቆረስ ኃጢአት ነው?»

«ኧረ ለመቆረስ አይደል የተጋገረው!» አሉ እትዬ ብርቄ።

«በቃ! ከየስሙ በፊት አንድ ክብ ድፎ እናስቀምጣለን። ጠርዙ ላይ የሚቆረጠው ዳቦው ይሁን። ስሙ ሙሉውን ወዲያ ተደብቆ ይጠብቅ። ግማሽ ዳቦ ያየ ሰው ሌላውን ግማሽ ሳይፈልግ ይተኛል?»

በስልኩ ዳቦውን ፎቶ አነሣው። ከዚያ ወንበሬን በእግሩ ገፍቶልኝ «ጻፊ» አለኝ። ሁለት በዓል ሙሉ፣ ሦስተኛው ላይ ግን ዳቦው ብቻ፣ እሱም ግማሹ፤ የቀረው ከጠርዙ ወዲያ። ስፋቱን ከስክሪኑ ስፋት ጋር ስላሰርነው የትኛውም ስልክ ላይ ቢከፈት ጠርዙ ዳቦ እንጂ ስም አይነካም። መድኃኔዓለምና ተክለ ሃይማኖት ረዥም ስለሆኑ ሁለት መስመር ሰጠናቸው። ፌርማታውን እኔ ሠራሁት። እንደ ልማዴ አጥብቄ ሠራሁትና፣ ጋሽ ደረጀ ከልደታ ተነሥቶ ጊዮርጊስ ለመድረስ አንዴ ቢገፋ፣ በዓታ ላይ ቀጥ። ደግሞ ቢገፋ፣ አቦ ላይ ቀጥ። ደግሞ፣ ሥላሴ ላይ ቀጥ።

«እማሆይ» አለኝ በትዕግሥት፣ «ፌርማታ አልኩሽ እንጂ መሳለሚያ አላልኩሽም። እያንዳንዱን ደጅ ሳይሳለም ማለፍ ክልክል ነው?»

አላላሁት።

በዚያች ማታ በልቤ ተሳልኩ። ከመጨረሻው ጫፍ፣ ከበዓለ ወልድ ላይ፣ አንድ ትዕዛዝ ከመጣ ሰው ሁሉንም ገፍቶ ደርሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ለበዓለ ወልድ አንድ እስር ጧፍ አገባለሁ አልኩ። ለጋሽ ደረጀ አልነገርኩትም፤ ማለትም ልነግረው አላሰብኩም ነበር፤ ግን ጠዋት ላይ «ምን ሆነሽ ነው የምትቁነጠነጭው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነገርኩት።

ቀናቱ አለፉ። በመጨረሻ የእትዬ ብርቄ ስልክ ጮኸ። በዓለ ወልድ! አንድ ትልቅ ድፎ፣ አቃቂ በሰቃ፣ «ጥሩወርቅ ቤት»። እትዬ ብርቄ እልል አሉ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ላገኘኋት ሴት ሁሉ ተአምሩን አወራሁ። አንዲቱማ «ገዳም ሄደሽ መመስከር አለብሽ» አለችኝና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አሰብኩበት።

በዕለቱ ዳቦውን ራሴ ካላደረስኩ ብዬ ከእትዬ ብርቄ ጋር በባጃጅ ሄድኩ። በሩ ተከፈተ። የከፈተው ጋሽ ደረጀ ነው።

ድምፅ ሳያወጣ አየኝ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

ከኋላው አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ፤ ጥሩወርቅ ማለት እናቱ ናቸው። የማኅበር ተራቸው ነበር፤ ቤቱ በማኅበርተኛ ተሞልቷል። «ግቡ፣ ግቡ የኔ ልጆች!» አሉን፣ ዳቦውን ሲያዩ እንባቸው እየመጣ። «ዘንድሮ ክንዴ ከድቶኝ ያለ ድፎ ላሳልፈው ነበር። ልጄ ነው ያዘዘው! ስንት ዓመት ደጀ ሰላም ያልረገጠ ልጅ፣ በዓለ ወልድን አስታውሶ!»

ጋሽ ደረጀ ወደ ጓዳ ጎትቶ ወሰደኝ።

«ጮክ ብለሽ አታውሪ» አለኝ፤ ይህን ያለኝ እሱ ነው።

«አንተ ነህ ያዘዝከው?»

«ባዶ ታክሲ ውስጥ ማን ይገባል? ወያላ ሳለሁ ጓደኞቼን ወንበር ላይ አስቀምጬ ነበር የምጠራው። አንድ ሰው ከተቀመጠ ሌላው ይገባል። እትዬ ተስፋ ሊቆርጡ ነበር እኮ።»

«ስለቴስ? እኔ ተአምር ነው ብዬ አቃቂን አዳርሼ!»

«እኔን አትጠይቂኝ» አለ። «ጧፍ አልበላም።»

በነጋታው ለንስሐ አባቴ ጉዳዩን አስረዳኋቸው፤ ሰውየው ሆን ብሎ ነው ያዘዘው፣ ስለዚህ ስለቱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብዬ ብዙ አብራራሁ። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ። «ትዕዛዙ መጥቷል?» አሉኝ። «መጥቷል፣ አባ።» «ጧፉን አግቢ እንግዲህ፣ ልጄ፤ ሰው ይጠብቀኛል» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ትዕዛዙ እየመጣ ሄደ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ቀጥሎ በየበዓሉ። የሥላሴም፣ የሚካኤልም፣ እዚያ ማዶ ያለው የመድኃኔዓለምም። እትዬ ብርቄ አጋዥ ቀጠሩ፤ አዳማም የሄዱት ለልጃቸው ልጅ ክርስትና ብቻ ነው፣ ያውም ድፎ ይዘው፣ የምራታቸውን ኩሽና ለሁለት ቀን ተቆጣጥረው።

የተያዘው ጋሽ ደረጀ ነው። እናቱ በዚያው ቀን በማኅበርተኛው ፊት ስሙን አስመዘገቡት። «አልገባም» ሊል አፉን ከፈተ፤ እናቱን አየና ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ወር በገባ በሃያ ዘጠኝ ማኅበር ይሄዳል፤ በነጋታው ቢሮ መጥቶ ስለ ማኅበሩ እየጮኸ ያማርራል። ጠላው ቀጠነ፣ ጸሎቱ ረዘመ፣ አንድ ሽማግሌ ትከሻው ላይ ተኙ። አንድም ወር ግን ቀርቶ አያውቅም። እኔንም እየጎተተ ይወስደኝ ጀመር፤ «እዚያ ያለው ሰው እኔን ሳይሆን አንቺን ነው የሚመስለው» እያለ። እውነት ለመናገር ከሞጣ ከወጣሁ ጀምሮ ሰው ቤት ገብቼ የተቀመጥኩት በዚያ ማኅበር ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በጫማቸው ድምፅ ብቻ ነበር።

ሕመሙ ድንገተኛ ነበር፤ ልቡ ነው አሉ። አልጋ ላይ ሳለ ልጠይቀው ሄጄ ቀስ ብሎ ሲያወራኝ ፈራሁ። «ምነው ጮክ በል» አልኩት። «አንቺ ጩኺ እስቲ፣ እማሆይ፤ እኔ ደክሞኛል» አለኝ። ልጮህ ሞከርኩ። ሳል ነው የወጣኝ። በጣም ሳቀ። ድኖ መጮህ የሚጀምር መስሎኝ ወጣሁ፤ የእትዬ ብርቄ ስልክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በመጣው ሃያ ዘጠኝ ማኅበርተኛው እማማ ጥሩወርቅ ቤት ተሰበሰበ። ጸሎቱ ደረሰ፤ ጽዋው ዞረ። መጨረሻ ላይ የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ሽማግሌ፣ ጽዋውን ይዘው ተነሡ።

«የሚቀጥለው ተራ የደረጀ ነበር። ማን ያነሣዋል?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እማማ ጥሩወርቅ ሊናገሩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ግን ክንዳቸው ከድቷቸዋልና እንደማይችሉት ሁላችንም እናውቃለን። እኔ አንድ ነገር ከመወሰኔ በፊት የማድር፣ የማውጠነጥን፣ ሦስት ሰው የማማክር ሴት ነኝ። እጄ ግን ወጥቶ አገኘሁት። ሁሉም ሲያዩኝ ነው ክፍሌ ትዝ ያለኝ። አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ።

ጽዋውን ተቀበልኩ። እማማ ጥሩወርቅ እጄን ያዙኝ።

«የኔ ልጅ፣ ቤትሽ ይህን ሁሉ ሰው ይችላል?»

«አይችልም፣ እማማ።»

«ታዲያ እንዴት ልታደርጊ ነው?»

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ፤ ቤቱ ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ።

«ጠጋ ጠጋ እንላለና!»